«ብላክ ሃውክ ዳውን» እውነት ነው ወይስ ግማሽ እውነት?

ኪሩቤል፦ ትናንት ማታ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ከዚህ የበለጠ እውነት የሚመስል የጦርነት ፊልም ያለ አይመስለኝም። የሚከራከረኝ ይምጣ!

ሰብለ፦ መጣሁልህ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሞቃዲሾ ላይ፣ ፊልሙ በሚያሳየው ውጊያ 18 አሜሪካውያን ሞቱ፤ ሶማሌዎቹ ግን በመቶዎች። እስቲ ፊልሙ ላይ ካየሃቸው ሟች ሶማሌዎች የአንዱን ስም ንገረኝ።

ኪሩቤል፦ እኔ ያልኩት ስለ ውጊያው ነው። አሜሪካኖቹ «ከሰዓት እንመለሳለን» ብለው ጥይት የሚከላከለውን የጀርባ ብረታቸውን አውልቀው፣ የማታ መነጽራቸውን ጥለው ሲወጡ ታያለህ። በእውነትም ብዙዎቹ የማታ መነጽር ሳይዙ ወጥተው ነው ሌሊቱን እዚያው ያደሩት። ከሄሊኮፕተር የሚዘንበው ትኩስ ቀለህ የአንዱ አንገት ውስጥ ሲገባማ እኔም ሶፋዬ ላይ ዘለልኩ። በድምፅና በኤዲቲንግ ኦስካር የወሰደው ለዚህ ነው።

ሰብለ፦ በድምፅ! ሞሮኮ ተቀርጾ፣ አንድ ሶማሌ ተዋናይ እንኳን ሳይኖርበት።

አቤል፦ አሜሪካኖቹስ ቢሆኑ ይለያሉ እንዴ? ሁሉም ፀጉሩ የተላጨ፣ ሁሉም አቧራ የለበሰ። እንዳይምታቱብን ሄልሜታቸው ላይ ስማቸውን ጽፈውባቸዋል እኮ 😂

ጋሽ ደመቀ፦ አቤል፣ እሱስ እውነት ነው። በ1970 ካራማራ ላይ ጨለማ ውስጥ ጓደኛዬን የለየሁት በሳሉ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሶማሊኛ አልችልም፤ ከወዲያ በኩል የቆሰለው ሌሊቱን ሙሉ «ሆዮ» እያለ ሲጣራ ግን እናቱን መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ ገባኝ። በዚህ ፊልም ያን ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም።

ኪሩቤል፦ ጋሼ፣ ልጁ በስህተት አባቱን የሚመታበት ቦታስ?

ሰብለ፦ ስንት ሰከንድ ነው እሱ? ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ የነበሩት የፓኪስታን ወታደሮች በሶማሌ ታጣቂዎች መገደላቸው መግቢያው ላይ ተጽፏል። ከውጊያው ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 12፣ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ሽማግሌዎች የተሰበሰቡበትን ቤት መደብደባቸው ግን የለም። ታዲያ ተመልካቹ ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን ነቅሎ እንደወጣ በምን ይወቅ?

ኪሩቤል፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ታሪኩ በወታደሩ ዓይን ነው የተነገረው፤ እሱም ላያውቅ ይችላል።

ጋሽ ደመቀ፦ ወታደሩማ ምን ያውቃል፣ እኛስ መቼ አወቅን።

አቤል፦ ዳይሬክተሩ ግን አያውቅም አይባልም። ፊልሙ የተሠራበት የማርክ ቦውደን መጽሐፍ ድብደባውን ይተርካል፣ ሶማሌዎቹንም ያናግራል።

ኪሩቤል፦ እሺ፣ መጽሐፉ ያለው ሰው ያውሰኝ። አንብቤ እመለሳለሁ፤ ስለ ቀለሁ ያልኩት ግን እንደቆመ ነው።