ክርክር፦ የሕግ ተማሪ ኤክስተርንሺፕ በመንግሥት ቢሮ ይቀጥል ወይስ ይቅር?

መነሻ ሐሳብ (አምና የተመረቀች፣ ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ «የሕግ ተማሪን መንግሥት ቢሮ መመደብ ወረቀት ማስገልበጥ ነው፣ ቢቀር ይሻላል» ብሎ ጽፎ አለፈ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ስለዚህ በደንብ እንከራከርበት።

ሌላ የተማራችሁም ስላላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት ፍርድ ቤት ወይም ዐቃቤ ሕግ ዘንድ፣ አለዚያም ሌላ መሥሪያ ቤት ይመደባል። ሥራውን እያየና እያገዘ ይቆይና ሪፖርት ጽፎ ውጤት ይያዝለታል። ደመወዝ የለውም። ኤክስተርንሺፕ የሚባለው ይህ ነው።

የእኔ አቋም ይቀጥል ነው። እንዳለ ግን አይደለም።

ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተመድቤ ሳለሁ አንድ አባት ከገጠር መጡ። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ፌስታሉን ፈተው «ልጄ፣ ቀጠሮዬ መቼ ነው?» አሉኝ። ወረቀቱን ሳየው ቀጠሮው ካለፈ ሰንብቷል። መዝገቡን ፈልጌ አወጣሁት። የመሬት ክርክር ነው። ተከሳሹ እሳቸው ናቸው። በሌሉበት ታይቶ ተፈርዶባቸዋል። ቀኑን አንብቦ የነገራቸው ሰው አሳስቷቸው ኖሯል። መፈረዱን እንኳ አልሰሙም።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የ1958 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 78ን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት ይችላል። የቀረው በበቂ ምክንያት መሆኑን ካስረዳ ፍርዱ ይነሣለታል። ክፍል ውስጥ ይህ አንድ መስመር ነበር። ያን ቀን ግን የእኚያ አባት አንድ ወር መቆጠር የጀመረው እኔ ስነግራቸው ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የነገርኳቸው። ከዚያ ሬጅስትራሯን ጠራሁ። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ቦታ ወስጄ አገናኘኋቸው። ማመልከቻው ሲገባ አይቻለሁ። የእኔ ጊዜ ስላለቀ መጨረሻውን አላየሁም።

ይህን የትኛው ክፍል ያስተምረኝ ነበር?

ጠበቃ (ወልድያ)

እኅቴ፣ የተናገርሽው ልብ ይነካል። ግን አንቺን ዕድል ነው የገጠመሽ። እኔ በተማሪነቴ የተመደብኩበት ቢሮ ስሙ ይቆየኝ። የሰጡኝ ሥራ ገጽ መቁጠርና ቁጥር መጻፍ ነበር። አንድም ቀን ችሎት ግባ ያለኝ ሰው የለም። የመጨረሻው ቀን ኃላፊው የግምገማ ቅጹን አምጣ አለና ሳያነብ «እጅግ በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጎ ፈረመ። ስሜን እንኳ ከቅጹ ላይ አይቶ ነው የጠራኝ።

ስለዚህ ጠበቃ ቢሮ ይሁን ባይ ነኝ። ጠበቃ ዘንድ የሚመጣው ሰው ችግሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የሚናገረው። ተማሪው ፍሬ ነገሩን ከወሬው መለየት ይማራል። ክሱን ከባዶ ወረቀት ይጀምራል። መንግሥት ቢሮ የሚያገኘው ግን ሌላ ሰው የጨረሰውን ፋይል ነው።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ (ደቡብ ወሎ)

ገጽ መቁጠር ተብሎ እንዲህ አይናቅ፣ ወንድሜ። በ2014 ዓ.ም. ደሴም ኮምቦልቻም በጦርነቱ ሲያዙ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስንመለስ መደርደሪያው ተገልብጦ፣ ወረቀቱ መሬት ላይ ተረግጦ አገኘነው። የጠፋውን መዝገብ ከተከራካሪዎች እጅ ግልባጭ እየለመንን ነው መልሰን ያቆምነው። ከፍርዱ ውስጥ አንዲት ገጽ ከጎደለች ያ ሰው ይግባኝ ምን ይዞ ይላል?

ያኔ ተማሪዎች መጥተው ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ገጽ በገጽ እያነበቡ ይህ የእንትን መዝገብ ነው፣ ይህ ከዚህ ጋር አይሄድም እያሉ ለይተውልናል። ሕጉን ስለሚያውቁ ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይገባቸው ነበር። አላህ ይስጣቸው። እኔ ቢቀር አልልም።

የአምስተኛ ዓመት ተማሪ

ሁላችሁም ስለ ትምህርቱ ነው የምታወሩት። ስለ ኪሳችንም አንሱ እንጂ። ግቢ ስሆን ካፌ እበላለሁ፣ ዶርም አድራለሁ። ወረዳ ስመደብ ቤት ኪራዩ ከየት ይምጣ? ቤተሰቡ እዚያው ከተማ ያለ ልጅ ይማራል። የገበሬ ልጅ ግን ቁጠባው ሲያልቅ «አሞኝ ነው» ብሎ ይቀራል። እንደዚያ ያደረገ ጓደኛ አለኝ። አልፈርድበትም። ደግሞም መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የለማጅነት ውልን ያውቃል። ለማጅ ያልሆነውን የትምህርትና የሥልጠና ግንኙነት ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። እና እኛ ምንድን ነን? ሠራተኛ አይደለንም፣ ለማጅም አይደለንም። ስንሠራ ግን እንደ ሠራተኛ በሁለት ሰዓት ግቡ እንባላለን።

መነሻ

አብሽር ወንድሜ፣ ትክክል ነህ። እኔ የቤተሰቤ ቤት እዚሁ ስለሆነ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ተማሪው ከዶርሙ ሳይወጣ ደርሶ መመለስ የሚችልበት ቢሮ ቢመደብ የመጀመሪያው መፍትሔ ይመስለኛል። ራቅ ብሎ የሚሄድ ካለም ግቢ ቢሆን የሚበላበት ገንዘብ በእጁ ይሰጠው። ተጨማሪ በጀት አያስፈልገውም፣ ለእሱው የተያዘ ነው።

ዐቃቤ ሕግ (ደቡብ ወሎ)

እስቲ እኛም እንናገር። ተማሪ ለምን ገፋ እንደምናደርግ ልንገራችሁ፣ ክፋት አይደለም። ጠረጴዛዬ ላይ የተደፈረች ሕፃን የምርመራ መዝገብ አለ። ስሟ፣ ሰፈሯ፣ የሐኪም ማስረጃዋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ለማን ነው የምሰጠው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ችሎት ለሕዝብ ግልጽ ነው ካለ በኋላ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ዝግ ሊሆን ይችላል ይላል። ዝግ ችሎት ውስጥ ተማሪ ይገባል? የጻፈልኝ ሰው የለም። አንድ ልጅ መዝገብ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ ቲክቶክ ላይ ቢለቅቀው ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ሌላው ጊዜ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ መዝገቡን ይዞ በር ላይ ቆሞ እያለ ተማሪ አስቀምጬ ላስተምር አልችልም። በልቤ ግን እወዳለሁ። እኔም ያስተማረኝ ሰው ነበረኝ።

መነሻ

ጋሼ፣ ይህን በግልጽ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ተማሪው ገና ሲገባ የምስጢር ቃል ፈርሞ ይግባ። ስልኩን በር ላይ ያስቀምጥ። የሕፃናትና የጾታ ጥቃት መዝገብ አይሰጠው። ይህን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማስፈር ያን ያህል ከባድ ነው?

ጠበቃ (ወልድያ)

የምስጢሩ ነገር ይስተካከላል እንበል። የባሰው ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሰነበተ ልጅ ተከሳሽን በዐቃቤ ሕግ ዐይን ማየት ይለምዳል። ተከሳሹን የሚያውቀው በወረቀት ነው። እስር ቤት ሄዶ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ነገ ዳኛ ሲሆን ይህ ልማድ አብሮት ይገባል። በአንድ ጆሮው ብቻ ሰምቶ ያደገ ዳኛ ያስፈራኛል።

መነሻ

እዚህ ላይ አንድ ነን። ግን ተከላካይ ጠበቃም እኮ የመንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው፣ ፍትሕም ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ይላል። እነዚህ ተከላካዮች ጥቂት ናቸው፣ መዝገባቸው ብዙ። ደንበኛቸውን ችሎቱ ሊጀመር ሲል ኮሪደር ላይ ቆመው ሲያነጋግሩ በዐይኔ አይቻለሁ። አንድ ተማሪ ቀደም ብሎ ማረሚያ ቤት ሄዶ ቃሉን ቢቀበልላቸው ምን ያህል ያግዛቸው ነበር! ዐቃቤ ሕግ ዘንድ የተመደበ ሁሉ ጊዜውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ተከላካይ ጠበቃ ዘንድ ይቀመጥ። በተለያየ መዝገብ ላይ፣ በእርግጥ። በአንድ መዝገብ ሁለቱ ወገን ዘንድ መቀመጥ ነውር ነው።

ከከሚሴ

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዞን ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከጅማም ከሐረርጌም መጥተው ደሴ የሚማሩ ልጆች አሉ። አማርኛ ችሎት አስቀምጣችሁ ዝም ይላሉ አትበሏቸው። ወደኛ ላኳቸው።

መምህር

ሙያውን ስለማስተምር ጥፋታችንን ላስቀድም። ተማሪውን ደብዳቤ ሰጥተን እንልካለን፣ ከዚያ እስኪመለስ አናየውም። ተማሪው ከመመረቁ በፊት የሕግ መውጫ ፈተናም ይጠብቀዋል። ልጆቻችን ቢሮ ተቀምጠው ከጠረጴዛ ሥር የፈተና ጥያቄ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ሥራ ካልሰጠናቸው ምን ያድርጉ?

እኔ የማምነው ሪፖርቱ መቀየር አለበት። «ተቋሙ የተቋቋመበት ዓላማ» እያለ አሥር ገጽ ከመጻፍ ሦስት መዝገብ ይምረጥ። ስም አጥፍቶ ክሱ ምን ነበር፣ ማስረጃው ምን አሳየ፣ እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር ብሎ ይጻፍ። እንዲህ ያለውን ከሌላ ተማሪ መገልበጥ አይቻልም።

መነሻ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የጻፍኩት ሪፖርት ልክ እርስዎ እንዳሉት ነበር። ስድስቱ ገጽ የተቋሙ ታሪክ ነው። የእኚያ አባት ነገር ግን አንዲት መስመር አላገኘም፣ ቅጹ ላይ ቦታ ስላልነበረው።

እዚህ የተባለውን ይዤ ረቂቅ ስምምነት መጻፍ ጀምሬያለሁ። በዩኒቨርሲቲውና በተቀባዩ መሥሪያ ቤት መካከል የሚፈረም ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ተጠሪው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍበታል። በሳምንት ስንት ቀን ችሎት እንደሚገባ፣ የማያየው መዝገብ የትኛው እንደሆነ፣ ምግቡ ከየት እንደሚመጣም። ዐቃቤ ሕጉ ጋሼ፣ የምስጢር አንቀጹን እርስዎ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ጠበቃ (ወልድያ)

እኔ አሁንም ጠበቃ ቢሮ ይሻላል እላለሁ። ግን ረቂቅሽ ውስጥ በጠበቆች ዘንድ የሚቆይበትን ሁለት ሳምንት ካስገባሽ እፈርማለሁ። ቢሮዬ ጠባብ ናት። አንድ ወንበር አለ። ማክሰኞና ሐሙስ ችሎት ስላለኝ በእነዚያ ቀናት ይምጣ፣ አብረን እንገባለን።

መነሻ

አስገብቼዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ወልድያ፣ አንድ ተማሪ።