በካሴት የቀረውን የአያቴን ታሪክ እንዴት እናቆየው?

የዓለም ገና ልጅ፦
አያቴ በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋይ ተወስደው ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ቦታ በአንድ ባለርስት ቤት ያደጉ፣ ነፃ ከወጡ በኋላ ግን በሰበታ አካባቢ እድር መሥርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዳኝነት የመሩ፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሳይቀር ያስታረቁ ሰው ነበሩ። ታሪካቸውን በካሴት አስቀርጸው ትተውልናል፤ በእጃቸው የጻፉት የእድር መዝገብም አለ። እናቴ በመጽሐፍ መልክ ይውጣ ስትል፣ አጎቶቼ ደግሞ «ልጆቻችንን ለስድብ አሳልፈን አንሰጥም» ብለው አጥብቀው ይቃወማሉ። ከምን እንጀምር?

የመዛግብት ሠራተኛ፦
የቤተሰቡ ክርክር ይቆይ፤ ካሴቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። በመጀመሪያ በካሴቱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስህተት ሌላ ድምፅ ሊቀዳበት አይችልም። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ በቴፕ አታጫውቱት፣ ለባለሙያ አሳዩት። ደህና ከሆነ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡትና ቅጂውን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቤቶች አስቀምጡ። መዝገቡን ላሚኔት አታስደርጉት፤ ገጽ በገጽ፣ ባዶዎቹን ገጾች ጨምሮ፣ ፎቶ አንሡት።

የታሪክ መምህር፦
ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡ ንግግራቸውን አታሳምሩ፤ ዝምታቸውና ድግግሞሻቸውም ይመዝገብ። ነፃ የወጡበትን ዓመት በግምት እንዳትሞሉ አደራ እላለሁ። የ1916 ዓ.ም. አዋጅ ነፃነትን ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ነበር፤ ጣልያንም በወረራው ዘመን ባርነትን መሻሩን አውጇል፤ በሕግ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ መሄጃ አጥተው በቀድሞ ጌቶቻቸው ቤት በአገልጋይነት የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ «ከጣልያን በፊት» ወይም «ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ» ብለው ከሆነ ያንኑ ቃል ጻፉ። የአጎቶችህን ስጋት በተመለከተ ደግሞ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር ተፈንግለው እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ የወጡ፣ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሥራ አብራቸው የደከመችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ነበረች። ሁለቱም ዛሬ በክብር ሲጠሩ መነሻቸው አይሸሸግም።

የእድር ጸሐፊ፦
መምህሩ ያነሷቸው ሰዎች ታላቅነት አያጠያይቅም፤ ነገር ግን የአጎቶችህ ስጋት ሐፍረት ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዘር ተቆጥሮ ጋብቻ ሲፈርስ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ከኋላ ሲታማ አይቻለሁ። የባለርስቱ የልጅ ልጆችም ምናልባት በዚያው እድር ውስጥ ይኖሩ ይሆናል፤ የእነርሱን ስም ማውጣት ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ያበረዱትን ነገር ሊቀሰቅስ ይችላል። ዋናውን ቅጂ ሳይቆረጥ አቆዩት፤ ለሕዝብ በሚወጣው ላይ ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም ይቅር። ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለመስጠት ካሰባችሁ፣ ማን መቼ ሊያዳምጠው እንደሚችል አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

የዓለም ገና ልጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካሴቱን ወዲያው አስገለብጣለሁ፤ አጎቶቼንም ከማንም በፊት ቁጭ ብለው እንዲያዳምጡት እጠይቃቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ከእነርሱ አንዱ እንኳ እስከ ዛሬ የአባቱን ቃል እስከ መጨረሻው አልሰማም።