«ግማሹ ስፖርት ጫማ ማሰር ነው» (ከቦሌ አራብሳ ነዋሪዎች ግሩፕ)

ብሎክ 12፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ የቀረበውን አሠልጣኝ የሰማ አለ? «ስሜት እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሰው ሰነፍ ነው፤ ግማሹ ስፖርት ጫማ ማሰር ነው» ብሎ ዘጋው። አዘጋጁም ሳቀለት። ሰውየው አራብሳን በዝና እንኳ አያውቃትም። ሜክሲኮ 2፡30 ለመግባት 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ ሰው፣ በነሐሴ ጭቃ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ፣ የቱን ጫማ ነው የሚያስረው?

ሯጩ፦ «ሰነፍ» ያለው በዛ እንጂ ስለ ጫማው ልክ ነው። አልጋው ውስጥ ሆኖ የሚያቅማማ ሰው የሚታየው 40 ደቂቃው ሙሉ ነው፤ ብርዱ፣ ዳገቱ፣ ላቡ። ጫማ ማሰር ግን 1 ደቂቃ ነው። ቱታው ማታ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ካልሲው ጫማው ውስጥ ይግባ፣ ስልኩ ተነስተህ ካልሄድክ ማጥፋት የማትችልበት ጥግ ይሁን። ጠዋት የምትወስነው ነገር መኖር የለበትም። ከዚያ 5 ደቂቃ ሂድ፣ 5 ደቂቃ ተመለስ። ያኔም ካላሰኘህ ግባና ተኛ፣ ማንም አይወቅስህም። አብዛኛው ሰው ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ብሎክ 12፦ ግማሹ ስፖርት ጫማ ማሰር ከሆነ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የሮጠው የማራቶኑን ግማሽ ነዋ! 21 ኪሎ ሜትሩ ይመለስልን።

3ኛ ፎቅ፦ ሃሃሃ

የቀድሞ ሠራዊት፦ አበበን የቀልድ መጫወቻ አታድርጉት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 ገባ። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ደግሞ ጫማ አጥልቆ 2፡12፡11 ገባ፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ። አስሮም ሳያስርም አሸንፏል።

ብሎክ 12፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ የነካሁት ሬዲዮውን ነው። ግን እርስዎም ለእኔው ነው የመሰከሩልኝ፤ ጉዳዩ የጫማ አይደለም።

የቀድሞ ሠራዊት፦ ለማንም አልመሰከርኩም። ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ወታደርን «ዛሬ አሰኘህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ጓዱ አጠገቡ አለ፣ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ዕቅዱን ይዞ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ ትታችሁ ክር ላይ ትጣላላችሁ።

ሯጩ፦ ጋሼ፣ እኛ ጋ ጥሩምባ የሚነፋ ስለሌለ እኮ ነው ጫማውን በር ላይ የምናስቀምጠው።

ፊዚዮዋ (ፊዚዮቴራፒስቷ)፦ ጋሼ ያሉት ይሻላል። ሬዲዮው የረሳው ደግሞ ጫማው ከታሰረ በኋላ ያለውን ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በር ላይ ሳይሆን ከ3ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከእንቅልፍ የተነሳ ሰውነት ቀዝቃዛ ነው፣ መገጣጠሚያውም ግትር ነው። ልብና ሳንባ እስኪነቁ ድረስ ጡንቻው የሚጠይቀውን ኦክስጅን አያደርሱለትም፤ ስለዚህ ትንፋሽ ይቆራረጣል። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውየው ከበር ተፈትልኮ ይወጣል፣ 3ኛው ደቂቃ ላይ ደረቱ ይነድዳል፣ «እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም» ብሎ ይመለሳል። በማግስቱ አልጋው የሚያስታውሰው ያንን መንደድ ነው።
ስለዚህ፦ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ እርምጃ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ። መጨረሻ ላይ 3 ደቂቃ እርምጃ። በድምሩ 26 ደቂቃ ነው። መለኪያው ወሬ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ብቻውን የሚሄድ አቡነ ዘበሰማያትን ድምፅ አውጥቶ ይበል።

ብሎክ 12፦ እሺ፣ ስለዚህ ግማሹ ጫማ፣ ግማሹ አቡነ ዘበሰማያት። ሩጫው የት ገባ?

3ኛ ፎቅ፦ ለሴት ልጅ ደግሞ ግማሹ አብሯት የሚወጣ ሰው ነው። በዚህ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው 12፡15 ገደማ ነው። 11 ሰዓት ላይ ከብሎኩ ጀርባ ያለው ሜዳ የጅብና የውሻ ነው። አሠልጣኙ «ሰነፍ» ያለው እኛንም ጨምሮ ከሆነ እሱ ይምጣና ይሩጥበት።

ሯጩ፦ እህቴ እዚህ ላይ ልክ ነሽ፣ ሳይነጋ መውጣት ጀግንነት አይደለም። ውሻ ከተነሳባችሁ ግን ሩጫውን አቁሙ፤ የሚሮጥ ነገር ነው የሚያባርረው። ፊታችሁን ወደ ውሻው አዙሩ፣ ግን ዓይን ዓይኑን አትዩ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ ወደ ኋላ በዝግታ እየተራመዳችሁ ራቁ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። «የሰፈር ውሻ ነው፣ አውቀዋለሁ» አይሠራም።

ብሎክ 12፦ 15 ደቂቃ የሚፈስ ውሃ! አራብሳ!

ሯጩ፦ በጆግ አፍስስ እንግዲህ። ለሁሉም ነገር መልስ አለህ፣ ለመነሳት ብቻ የለህም።

4ኛ ፎቅ፦ ጭቃውንም ውሻውንም የማይፈልግ ሰው ገመድ ይዝለል። ቤት ውስጥ፣ 30 ሴኮንድ ዝላይ፣ 30 ሴኮንድ እረፍት፣ 10 ዙር። በ10 ደቂቃ አለቀ። ሰልፉም አያመልጥም።

3ኛ ፎቅ፦ አሃ! 11፡30 ላይ ጣሪያችንን የሚቀጠቅጠው ታወቀ።

4ኛ ፎቅ፦ እኔ ለሰው ምክር ሰጠሁ እንጂ ዘለልኩ አልኩ?

3ኛ ፎቅ፦ አምፖላችን ይናገር።

ፊዚዮዋ፦ የኮንዶሚኒየም ወለል ላይ ዝላይ ለጎረቤትም ለቁርጭምጭሚትም አይሆንም፣ በተለይ ለጀማሪ። የማይዘለልበት አለ፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ 10፣ እጅን ግድግዳ ላይ አድርጎ ፑሽአፕ 10፣ ቆሞ ተረከዝ ማንሳት 15፤ ይህን 3 ዙር። ወይም ደረጃው። ጂ+4 ሊፍት የለውም እያላችሁ የምታማርሩበት ደረጃ ማለቴ ነው።
ደረጃ ላይ ግን አንድ ስህተት ሁሉም ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን 10 ጊዜ ይወጣል፣ 10 ጊዜ እየሮጠ ይወርዳል። መውጣቱ ትንፋሽ ነው የሚወስደው፤ ጡንቻን የሚጎዳው መውረዱ ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይይዛል። ሕመሙ በዚያው ቀን አይሰማም፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚብሰው። ሰኞ የጀመረ ሰው ረቡዕ ሽንት ቤት ለመቀመጥ ግድግዳ ይይዛል። ሐሙስ «አልፈለግሁም» ሲል ስንፍና እንዳይመስላችሁ፣ እግሩ ነው የሚናገረው። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ጊዜ ብቻ መውጣት፣ ብረቱን ይዞ በዝግታ መውረድ፣ በየሳምንቱ አንድ ዙር መጨመር።

ብሎክ 12፦ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዞ 4ኛ ፎቅ የሚወጣ ሰውስ? ስፖርት ነው ወይስ አሁንም ሰነፍ ነው?

ፊዚዮዋ፦ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ድሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መሆን ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ያንን አንስቶታል። 3 ደቂቃም፣ 4 ደቂቃም ይደመራል።

ብሎክ 12፦ በቃ! ሬዲዮው ተረታ። ጄሪካን ያነሳ ሁሉ ስፖርተኛ ነው። ጫማውንም በነጠላ ጫማ ለውጡልን።

ሯጩ፦ ቀስ በል። ጄሪካኑ ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው፣ 4 ደቂቃም አይሞላም። 150 ለመሙላት በሳምንት ወደ 40 ጄሪካን ታወጣለህ። ደግሞም በአንድ እጅ 20 ኪሎ ይዞ ወገብን አጣሞ መውጣት ስፖርት ሳይሆን የወገብ ሕመም ቀጠሮ ነው። ባለ 10 ሊትር ሁለት ይዘህ በሁለቱም እጅህ ውጣ።

ብሎክ 12፦ «ይቆጠራል» ብላለች። ከሷ ጋር ተነጋገር።

አዲስ ገቢ፦ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ለምንጾምስ? ሁላችሁም ጠዋት ጠዋት ትላላችሁ።

ፊዚዮዋ፦ ውሃ ሳትጠጡ ጠዋት ሮጣችሁ እስከ 9 መቆየት ጥሩ አይደለም። 8፡30 ላይ ቀለል ያለ እርምጃ፣ ከዚያ መግደፍ። ጠንከር ያለውን በልታችሁ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ስኳር ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ሯጩ፦ ጠዋት ለሚወጡት ሌላ ነገር። በክረምት ሰውን አልጋ ላይ የሚያስቀረው ትናንት የረጠበ ጫማ ነው። እርጥብ ጫማ ውስጥ እግሩን ማን ያስገባል? እንደገባችሁ ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፣ የውስጡን ንጣፍ አውጡ፣ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ እስከ ጣቱ ድረስ ጠቅጥቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ቀይሩ። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት፤ ማስቲሹ ይለቅና ሶሉ አፉን ይከፍታል።

ብሎክ 12፦ ተመልሰን ጫማ ላይ መጣን። አልኩ እኮ፣ ይሄ ሰው ሊስትሮ ነው።

ሯጩ፦ ህዳር ላይ የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ለብሰህ 10 ኪሎ ሜትሩን እየጨፈርክ ስትሄድ እናይሃለን።

የቀድሞ ሠራዊት፦ እሱንም አታቃልለው። የተቆረጠ ቀን ያለው ሰው ይነሳል። እስከ ህዳር ከ12 ሳምንት በላይ አለ፤ የፊዚዮዋን 1 ደቂቃ ሶምሶማ በ2 ደቂቃ እርምጃ ይዞ በሳምንት 3 ቀን የጀመረ ይደርሳል። አንድ ቀን ቢቀር ይቅር፣ በተከታታይ ሁለት ግን አይቅር።

ብሎክ 12፦ ጋሼ፣ ትኩሳት ቢኖረኝስ? ወይስ እሱም ሰበብ ነው?

ፊዚዮዋ፦ ትኩሳት፣ ደረት ላይ የወረደ ሳል ወይም የሰውነት መቆረጣጠም ካለ ተኛ። አፍንጫ ብቻ ከሆነ ቀለል ያለ እርምጃ ይቻላል። ስትሮጥ ደረትህን ከጨነቀህ ግን እዚያው አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ። ለሌላው ቀን ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህን 30 ሴኮንድ ቁጠርና በ2 አባዛ። የሳምንት ልማድህን ስታውቅ፣ ከዚያ በ10 ያህል ከፍ ባለ ቀን ሩጫውን በእርምጃ ለውጠው። ያ ምክንያት ነው። ምቱ እንደ ወትሮው ሆኖ ካላሰኘህ ደግሞ…

ሯጩ፦ ጫማህን እሰር።

ብሎክ 12፦ ይኸው!

3ኛ ፎቅ፦ እሑድ 12፡30 ከብሎክ 31 ሱቅ በር የሚወጣ ካለ ሦስት ሴቶች አለን። የዘገየ አይጠበቅም።

ብሎክ 12፦ ዝናብ ከሆነስ?

3ኛ ፎቅ፦ በደረጃው እንወጣለን። የኛን ብሎክ ደረጃ። 4ኛ ፎቅ ስንደርስም በሩን አንኳኩተን ገመዱን እንቀበላለን።

4ኛ ፎቅ፦ ገመድ የለም አልኩ እኮ! የሰማችሁት ሙቀጫ ነው።

3ኛ ፎቅ፦ 30 ሴኮንድ ወቅጦ 30 ሴኮንድ የሚያርፍ ሙቀጫ። 10 ዙር።