ቅጥቅጥ አይሱዙ ቤት አድርገን መኖር ጀምረናል፤ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ፍሬኑ ይሸታል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጎላዋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሸን ከእናቴ ጋር ተመካክረን ያገለገለ ቅጥቅጥ አይሱዙ ገዛን። ወንበሮቹን አስወልቀን ቤት አስደረግነው። ሁለት አልጋ አለው፣ ትንሽ ማብሰያ ቦታ፣ 200 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ 300 ዋት ሶላር። ማደር ከጀመርን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ማታ ጎላ ሚካኤል አካባቢ አጎቴ ግቢ እናቆመዋለን፣ ቀን ጉዳይ ሲኖረን እኔው እነዳዋለሁ። በጣም ነው የወደድኩት። ጠዋት በሩን ከፍቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሻዬን ስጠጣ፣ አከራይ የለም፣ የወር መጨረሻ ጭንቀት የለም።

ግን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛው ጣሪያው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግንባሬ ላይ ጠብ ሲልብኝ ነቃሁ። ዝናብ ገብቶ ነው ብዬ በማግስቱ ጣሪያውን በሲልከን አስደፈንኩት። ምንም ባልዘነበበት ሌሊትም አንጠባጠበ። ፍራሹን ባነሳው ሥሩ እርጥብ ነው፣ ጥግ ጥጉን ሻጋታ ጀምሮታል።

ሁለተኛው ባትሪ። ለቤቱ 200 አምፒር አወር የሆነ አንድ የአሲድ ባትሪ፣ 1,500 ዋት ኢንቨርተርና ከድሮው ቤታችን ያመጣናት ትንሽ ፍሪጅ አለን። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ መጮህ ይጀምራል፣ ሲነጋ መብራት የለም። በዚያ ላይ የመኪናው የራሱ ባትሪ ሁለቴ አላስነሳም ብሎኛል። የገጠመልን ልጅ «ባትሪ ጨምሪ» ይላል፣ ዋጋው ደግሞ የሚቀመስ አይደለም።

ሦስተኛው ፍሬኑ። ቅዳሜ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር ስወርድ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ያዝ ለቀቅ እያደረግኩ ፖስታ ቤት ጋ ስደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ፔዳሉም ከወትሮው ወደ ታች የገባ መሰለኝ።

ብርዱን እንኳ ለምደነዋል። ማታ እማዬ ቡናዋን በከሰል ታፈላለች፣ ምድጃውን እዚያው አስቀምጠን መስኮቱን ዘጋግተን ስንተኛ ይሞቀናል። ጠዋት ጠዋት ራሳችንን ያመናል፣ እሱ የአዲሱ ቀለምና የሙጫው ሽታ ይመስለኛል፣ ሲቆይ ይለቃል። የምታውቁ እባካችሁ።

ባሌስትራ

እህቴ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው፣ ስለ ፍሬኑ ልንገርሽ።

የሸተተሽ የፍሬን ሸራ ነው። ሸራው ታምቡሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት፣ እየፈተገ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ከባሰ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ወለል ነክቶ መኪናው አይቆምም። በቸርችል ቁልቁለት እንዲህ ከሆነ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርጂ ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቢው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቁልቁለቱ ፋታ አይሰጥም።

ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገቢና ፍሬን ሞተሩን፣ ጭስ ማውጫውን አፍኖ መኪናውን የሚይዘውን፣ ያዢ። ማርሹ ራሱ ይያዘው። ፍሬን ስትፈልጊ ጠበቅ አድርገሽ ረግጠሽ ፍጥነቱን አውርጂ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው፣ ሸራው ይተንፍስ። እግርሽን ፔዳሉ ላይ አሳርፈሽ አትውረጂ። ነዳጅ ይቆጥባል ብለው ፎሌ አድርጊ፣ ማርሹን አውጥተሽ ውረጂ፣ የሚሉሽ ካሉ አትስሚያቸው።

ደግሞ ክብደቱን አትርሺ። ሕዝብ ሲያመላልስ ሰው ይወጣል ይወርዳል፣ ያንቺ ጭነት ግን አይወርድም። ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው። አንድ ቀን ሁሉን እንደጫንሽ፣ ታንከሩን ሞልተሽ ሚዛን ላይ አውጪውና ሊብሬው ላይ ካለው ጠቅላላ ክብደት ጋር አስተያዪው። ከተማ ውስጥ ስትዞሪ ታንከሩን መሙላት አያስፈልግሽም።

አሁን ግን ታምቡሩን አስከፍቺ። የተቃጠለ ሸራ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ጣትሽን ስታስኬጂበት ያንሸራትታል። እንደዚያ ካገኘሽው ይቀየር። ዘይቱም አብሮ ይቀየር፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ደግሞ ቶሎ ይፈላል።

ሶላር ገጣሚ

ባትሪ አትግዢ፣ ቆይ። መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። 200 አምፒር አወር በ12 ቮልት ሲባዛ 2,400 ዋት ሰዓት ነው። የአሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ባወረድሽው ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ በእጅሽ ያለው 1,200 ነው። የቤት ፍሪጅ ትንሽም ብትሆን በቀን ወደ 1,000 ልትበላ ትችላለች። ኢንቨርተሩ ደግሞ ምንም ሳይሰካበት በርቶ ብቻ 15 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 360 ነው። በቃ፣ አለቀ። ጊዜው ክረምት ነው፣ ድፍን ደመና ሲሆን 300 ዋት የተባለው ሶላር ሩቡንም ላይሰጥሽ ይችላል። አንድ ባትሪ ብትጨምሪም የሚሞላው ነገር የለም።

ፍሪጇን ማታ አጥፊያት። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ በሯን ካልከፈትሻት እስኪነጋ ምንም አይበላሽም። ስትተኙ ኢንቨርተሩንም አጥፊው። መብራትና የስልክ ቻርጅ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ይሁን። አጎትሽ ጋ እስካላችሁ ድረስ ደግሞ ከቤታቸው ወፍራም ገመድ ስበሽ ባትሪውን በቻርጀር ሙይ። ገመዱ ብሬከርና ኧርዝ ይኑረው፣ ምክንያቱም የምትተኙት ብረት ሳጥን ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዳታስቢ፤ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፣ ኢንቨርተርሽ 1,500 ነው።

አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። አይሱዙ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥለው ነው የሚሠሩት። ልጁ 12 ቮልት ለማግኘት ከአንዱ ባትሪ ብቻ ገመድ ስቦ ይሆን? ለቴፕ ሲገጥሙ እንደዚያ ያደርጋሉ። ገመድ ያልተሳበበት ባትሪ ከልክ በላይ ይሞላል፣ የተሳበበት እየጎደለ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይበላሻሉ። ክዳኑን ከፍተሽ ተመልከቺና ፎቶ ላኪልኝ።

ሲስተር

ከላይ ያሉት ጥሩ መልሰውልሻል። ግን ማንም ያላያት መስመር አለች።

እህቴ፣ ከሰሉን ዛሬውኑ አውጪው። አንድ ሌሊት እንኳ እንዳትጨምሩ። እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ክረምት ሲገባ ብርድ ሸሽተው፣ በር ዘግተው፣ ምድጃ አጠገባቸው አድርገው የተኙ ሰዎች ይመጡልናል። ሳይነቁ የቀሩም አሉ።

ሰው የሚዘናጋው ጭሱ ሲያልቅ ነው። ፍሙ ቀልቶ አመድ ሲለብስ «አሁን ነዷል፣ ይግባ» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። የተኛ ሰው መታፈኑን አያውቅም። እናንተ ደግሞ ያላችሁት ሰፊ ሳሎን ውስጥ አይደለም፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። ጠዋት ደረጃው ላይ ወጥተሽ ሻይሽን ስትጠጪ ራስ ምታቱ ቀለል ይልሻል? እናትሽንስ ያዞራቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል? ከሆነ ዛሬ ሐኪም ጋ ሂዱና «ከሰል አብሮን ያድር ነበር» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ሰው አልነቃ ካለ በር ከፍታችሁ መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም 939 እሳትና ድንገተኛ ደውሉ። እናትሽ ቡናቸውን አይተዉ፣ ደጅ ያፍሉት።

የጎላዋ ልጅ

ሲስተር እግዜር ይስጥሽ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ደረጃው ላይ ስቀመጥ ይለቀኛል። እማዬ ዛሬ ጠዋት ስትነሳ ዞሮባት ተመልሳ ቁጭ ብላለች፣ «ራቴን ሳልበላ ተኝቼ ነው» ብላኝ አለፍኩት። ምድጃውን አሁን አውጥቼዋለሁ። ጥቁር አንበሳ ቅርባችን ነው፣ ይዣት እየሄድኩ ነው። የባትሪውን ስመለስ አያለሁ።

ቦዲ ሠሪው

እግዚአብሔር ይማራችሁ። ስትመለሺ ታነቢዋለሽ ብዬ የጣሪያውን ልጻፍልሽ።

ምናልባት ጣሪያው አያፈስም። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ያወጣል። ቡታ ጋዝ ራሱ ሲነድ ውሃ ይሰጣል፤ 1 ኪሎ ጋዝ ሊትር ተኩል ገደማ። ያ ሁሉ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛውን ላሜራ ይነካና ጠብታ ይሆናል። ለማረጋገጥ ደረቅ ቀን ጠብቀሽ የመዳፍ ስፋት ያለው ላስቲክ ከውስጥ በኩል ጣሪያው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፊ። ጠዋት እርጥበቱ በላስቲኩ ወደ አልጋው ባለው ገጽ ከሆነ ትንፋሽ ነው። በላስቲኩና በጣሪያው መካከል ከሆነ ግን ከላይ እየገባ ነው።

ትንፋሽ ከሆነ የጣሪያውን መተንፈሻና በተቃራኒ ጥግ ያለውን መስኮት ሁለት ጣት ክፈቺ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ይበርደናል ትይኛለሽ፤ ጋቢ ደርቡ፣ የላስቲክ መያዣ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ እግር ሥር አድርጉ። ፍራሹ ጣውላው ላይ እንዳይተኛ ሥሩ አየር የሚያሳልፍ እርብራብ አስደርጊ። የሲልከኑ ብር መውጣቱ ያሳዝናል፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ላስቲኩን ነበር የምለጥፈው።

ጡረታ የወጣ ሹፌር

ልጄ፣ ሁለት ነገር ብቻ። ሶላሩ ከተገጠመ በኋላ ከመሬት እስከ ጫፍ በሜትር ለኪና ቁጥሩን ጽፈሽ መሪው ፊት ለጥፊው። የምድር ውስጥ ፓርኪንግ በር ላይ ከፍታ ተጽፏል፣ ሳታነቢ እንዳትገቢ። በአንዳንድ ዋና ዋና መንገድ ገመዱ ወደ መሬት ገብቷል፤ ሰፈር ውስጥ ግን አሁንም ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ አለ። ከኋላ ደግሞ ያለ ረዳት እንዳትሄጂ፣ እናትሽ ወርደው በስፖኪዮ እያየሻቸው ያሳዩሽ።

ሁለተኛው ሊብሬው። አሁንም ሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ ለውጡን አስመዝግቢ፣ ቦሎ ስታድሺ እንዳትቸገሪ። ኢንሹራንሱንም ቤት ማድረግሽን ንገሪያቸው። የሦስተኛ ወገኑ በሕግ ግዴታ ነው፣ እሱ ግን የራስሽን ንብረት አይሸፍንም።

የጎላዋ ልጅ

ሰላም፣ ዘጠኝ ቀን ቆይቼ ነው የተመለስኩት። ሐኪሙ ከሰል ሲባል ወዲያው ገባው። ለእማዬ ኦክሲጅን ሰጧት፣ እዚያው ውለን ማታ ወጣን። ደህና ናት። ከሰሉ ከወጣ ጀምሮ አንድም ጠዋት ራሳችንን አላመመንም። ቡናው አጎቴ በረንዳ ላይ ሆኗል፣ ጎረቤትም ይጠራል። ሲስተር፣ ስምሽን ባላውቀውም እማዬ ሌት ተቀን ትመርቅሻለች።

ላስቲኩን ለጠፍኩ፤ ውሃው በእኛ በኩል ነው። አሁን መስኮቱን ከፍተን ነው የምንተኛው፣ ጠብታው ቀርቷል፣ መስታወቱ ብቻ ጠዋት ይጠረጋል። ባትሪውም እንደተባለው ሆነ፤ ከአንዱ ብቻ ነበር የተሳበው። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ አስገባን፣ መኪናው በአንድ ቁልፍ ይነሳል። የኋላው የፍሬን ሸራ ሲከፈት ጥቁርና ልሙጥ ሆኖ ነበር፣ አስቀይሬዋለሁ። ትናንት ያንኑ የቸርችል መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፣ ፍሬን የያዝኩት አራቴ ብቻ ነው፣ ምንም አልሸተተኝም።

መስከረም ሲጠባ እማዬን ላንጋኖ ልወስዳት አስቤያለሁ። ከመንቀሳቀሴ በፊት የምታሳዩኝ ነገር ካለ?

ባሌስትራ

ደስ ብሎኛል። የስኮርታውን (የመለዋወጫውን) ጎማ አውርደሽ ነፋሱን አስለኪ፣ ክሪኩም ይሄን ክብደት ማንሳቱን ግቢ ውስጥ ሞክሪው። አዲሱ ሸራ እስኪላመድ ደግሞ ሳትጭኚው ትንሽ ንጂ፣ ከዚያ መጥተሽ አንዴ ይጠበቅልሽ።