የፋሲካ ሰሞን የስቲከር ወረፋ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው ምን እናቅርብ?

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። ባለፈው ስብሰባ በተባለው መሠረት ለጉባኤው በምናቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ረቂቅ ላይ ውይይት ከፍቻለሁ። እስካሁን የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ማኅበሩ ሁለተኛ ባለቀለም የስቲከር ፕሪንተር ይግዛ።» ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዓል ሲደርስ የማሩም፣ የበርበሬውም፣ የሽሮውም ትዕዛዝ አንድ ላይ ይወርድና ሰው ስቲከር ጥበቃ ሁለት ቀን ይመላለሳል። የምትጨምሩትን ጨምሩ፣ የማትስማሙም በግልጽ ተናገሩ። እስከ ዓርብ ማታ ክፍት ነው።

የበርበሬ አምራች፦
እኔ በሁለት እጄ ነው የምደግፈው። ባለፈው 3,000 ስቲከር ላሳትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገብቼ 10 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ምሳዬን እዚያው በላሁ። አዲስ ይገዛና እንገላገል።

ገንዘብ ያዥ፦
እትዬ፣ ድካምዎ ይገባኛል። ግን ማሽን ተገዝቶ አያበቃም፤ ቀለሙም የስቲከር ወረቀት ጥቅሉም በየወሩ ይከተለዋል። ሂሳቡን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ያለን ማሽን በደንብ ቢሠራ በቀን ስንት ያወጣል?

የህትመት ሠራተኛ፦
እኔ ልመልስ፣ አጠገቡ የምውለው እኔ ነኝ። ያለን ኤፕሰን ሲ6000 ነው። በፈጣኑ ሞድ በሴኮንድ እስከ 119 ሚሊሜትር ያትማል። የእትዬ ስቲከር ከነክፍተቱ 83 ሚሊሜትር ነው፤ 3,000ው ሲዘረጋ 249 ሜትር፣ በዚያ ፍጥነት 35 ደቂቃ። እኛ የምናትመው ጥራቱን ከፍ አድርገን ስለሆነ እጥፉን እንበል። ያም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያልፍም። እትዬ ግን 7 ሰዓት ቆይተዋል። ማሽኑ ሲያትም ሳይሆን ሲቆም ነው ቀኑ የሚያልቀው፤ የሚያቆመውም እኛ ነን።

ትናንት ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። መጀመሪያ እንደወትሮው፦ ከኤክሴሉ ተከታታይ ቁጥሩን ቀድቼ ዲዛይኑ ላይ ለጠፍኩ፣ 1 ኮፒ ብዬ አዘዝኩ። ማሽኑ አተመ፣ ወረቀቱን ወደ መቁረጫው ገፋ፣ ቆረጠ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ ቆመ። እንደገና ቁጥር ቅጂ፣ ለጥፊ። 20 ስቲከር 2 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ፈጀ። ቀጥሎ እነዚያኑ 20 በወርድ ሜይል መርጅ (ቁጥሮቹን ከኤክሴል እያነሳ ዲዛይኑ ላይ ራሱ የሚሞላ) ከኤክሴሉ ጋር አያይዤ ባለ20 ገጽ አንድ ፋይል አደረግኳቸው፤ መቁረጫውንም «ከመጨረሻው በኋላ ብቻ» አልኩት። 31 ሴኮንድ። ለዚህ አዲስ ሶፍትዌር እንኳ አላስፈለገም።

የበርበሬ አምራች፦
ልጄ፣ ይህን እያወቅሽ እኔን ቀኑን ሙሉ አስቀመጥሽኝ?

የህትመት ሠራተኛ፦
እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የተረዳሁት ትናንት ነው።

የበርበሬ አምራች፦
እሺ። ግን ሳይቆረጥ በረጅሙ ከመጣ ለሠራተኞቼ እንዴት አካፍላለሁ? ቆጥረው ነው የሚረከቡኝ።

የህትመት ሠራተኛ፦
በየ50ው እናስቆርጠዋለን። አንዷ አንድ ቁራጭ ከወሰደች 50 ወሰደች ማለት ነው፤ መቁጠሩም ይቀርልዎታል።

የማር አምራች፦
የእኔስ? ተከታታይ ቁጥር የለብኝም፣ 500ው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እንዲያም ሆኖ አንዱን ያትምና ዝም ይላል፣ አንዱን ያትምና ዝም ይላል።

የህትመት ሠራተኛ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ጣጣ ፋይሉ ነው። ዲዛይነርዎ የንቧን ፎቶ ከካሜራ እንደወጣ ከትቶታል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጥላና ስስ ንብርብር ደርቦበታል። ኮምፒውተሩ ያን ሁሉ ለእያንዳንዷ ስቲከር እንደ አዲስ ሲያሰላ ማሽኑ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ፎቶው ስቲከሩ ላይ 6 ሳንቲሜትር ነው፤ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ከ1,400 ፒክሰል ብዙም አይበልጥም። ወደዚያ ይቀነስ፣ ንብርብሩም ወደ አንድ ስዕል ይጠቅለል። ከዚያ 500 ገጽ መላክ የለም፤ አንድ ገጽ፣ 500 ኮፒ።

የሽሮ አምራች፦
ሁሉም በአንድ ፋይል የሚለው ላይ ቅሬታ አለኝ። መብራት ቢጠፋስ? ባለፈው በመሀል ጠፋና ስንተኛው ላይ እንደቆመ ማንም አላወቀም። ከአንድ ጀምረን ደገምነው፣ ከዚያም መስመር መስመር እየሠራ 40 ስቲከር ጣልን።

የህትመት ሠራተኛ፦
ልክ ነዎት። በድንገት ሲጠፋ ቀለም የሚረጨው የማሽኑ ራስ (ሄድ) ሳይከደን ይቀራል፣ ቀለሙ ይደርቃል፤ ለማጽዳት ደግሞ ሌላ ቀለም ይፈስሳል። ስለዚህ 3,000 በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ250 በ250 ከፋፍለን እንላክ። ቢቋረጥ የምንደግመው ያችኑ 250 ብቻ ነው። ጠዋት ደግሞ ከሥራ በፊት የቀለም ቀዳዳ ፍተሻ ይታተም። አንድ ቀዳዳ ተዘግቶ 1,000 ስቲከር ካለቀ በኋላ ከማየት ይሻላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መግዛቱን ግን አልተወውም። ሥራ ማስቀጠያ ሳይሆን ማሽኑን በሥርዓት አጥፍተን ራሱን እንድንከድን 10 ደቂቃ ቢሰጠን ይበቃል።

የማር አምራች፦
አንድ ሐሳብ ልጨምር። ቀለም ያለበት ክፍል ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። እሱን ፀጥ ባለ ሰሞን አትመን በጥቅል ብናስቀምጥና የምርት ቀን፣ የማብቂያ ቀንና የምድብ ቁጥሩን በኋላ በቴርማል ፕሪንተር (በሙቀት ጥቁር ብቻ የሚያትም ማሽን) ብንጨምርበትስ?

የህትመት ሠራተኛ፦
ጥሩ ነው፣ ግን የወር ስም በፊደል አይሆንም። ርካሹ ቴርማል 203 ዲፒአይ ነው፣ በሚሊሜትር 8 ነጥብ። 2 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል 16 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፤ በዚያ ልክ «ቡ» ከ«ቢ» በቀላሉ አይለይም። ቀኑ በቁጥር ይሁን።

የሽሮ አምራች፦
በቁጥር ከሆነ ደንበኛ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ አያውቅም። 05/07 ብሎ ቢያነብ መጋቢት ነው ሐምሌ?

የህትመት ሠራተኛ፦
«ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ከቀለሙ ጋር አስቀድሞ ይታተማል። ቴርማሉ ቁጥሩን ብቻ ይሞላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ቴርማሉ ይቆይ፣ እሱም ግዢ ነው። ለአንድ ወር በዚህ አሠራር እንየው፣ ያኔም ወረፋ ካለ ስለ ማሽን እናወራለን። ዩፒኤሱን ግን አሁኑኑ እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፦
መልካም፣ ረቂቁን እንዲህ ለውጬዋለሁ፦ «የሁለተኛ ፕሪንተር ግዢ ለአንድ ወር ይቆይ። ተከታታይ ቁጥር ያለው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ፋይል ተዘጋጅቶ በ250 ተከፋፍሎ ይላክ፤ መቁረጫው በየ50ው ወይም በመጨረሻ ብቻ ይሥራ። ዲዛይን የሚያመጣ አባል ፎቶውን በስቲከሩ ልክ አሳንሶ ያምጣ፤ ይህን ያላደረገ ፋይል ወረፋ አይያዝለት። አንድ መጠን ያላቸው ትዕዛዞች ጥቅል ሳይቀየር ተከታትለው ይታተሙ። ዩፒኤስ ይገዛ። የህትመት ክፍሉ ሥራ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት እየመዘገበ ለጉባኤው ያቅርብ።» የቴርማሉ ሐሳብ በተያያዥ ይቀመጣል። ጋሼ፣ ይስማማዎታል?

የማር አምራች፦
ወረፋ አይያዝለት የምትለው ለእኔ የተጻፈች ትመስላለች። ይሁን፣ እስማማለሁ። ዲዛይነሩን ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።

የበርበሬ አምራች፦
ማክሰኞ 1,000 ስቲከር አለኝ፣ በእኔ ሞክሩት። ግን 3 ሰዓት አልመጣም፣ 5 ሰዓት ነው የምመጣው። ልጄ፣ አልቆ ልጠብቅ?

የህትመት ሠራተኛ፦
ኤክሴሉን ሰኞ ከላኩልኝ አልቆ ይጠብቅዎታል።