የክልል ሬዲዮ ለልማትና ለመልካም አስተዳደር ያለው ጥቅም በምን ይለካል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በክልላችን ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ለልማትና ለመልካም አስተዳደር ምን ያህል እንደሚጠቅሙ እንድንገመግም ሥራ ተሰጥቶናል። የልማት ዜናዎችን መቁጠር ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም። መነሻ ካስፈለጋችሁ ዩኔስኮ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሚዲያ ልማት መለኪያ አለ። አምስት ዘርፍ ነው፦ የሕግ ማዕቀፍ፣ የባለቤትነት ብዝኃነት፣ የውይይት መድረክነት፣ የባለሙያ አቅም፣ መሠረተ ልማት። አገር ከአገር ለማወዳደር ስላልተሠራ ደረጃ አታውጡበት። በሕጉ በኩል የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013ን እና የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000ን ያዙ። ግን «አዋጅ አለ» ብላችሁ አትለፉ፤ ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የበጀት መረጃ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱ በስንት ቀን እንደመጣ መዝግቡ።

መልስ 2፦ ለግምገማ በምትቀዱት የስርጭት ናሙና ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ተከታታይ ሳምንት ከቀዳችሁ፣ ሳምንቱ የምርቃት ወይም የጉባኤ ከሆነ ውጤቱ ገደል ገባ። ሰኞን ከአንዱ ሳምንት፣ ማክሰኞን ከሌላው እያላችሁ ሰባት ቀን አሟሉ። በየዜናው ማን ተናገረ፣ ስንት ሰከንድ? ባለሥልጣኑ ወይስ ውኃ ቀጂዋ? «የውኃ ጉድጓድ ተመረቀ» ልማት ተብሎ ይመደብ ይሆናል፤ ወጪውና ተቋራጩ ካልተነሱ፣ ቧንቧው ከወር በኋላ መሥራቱን ማንም ካልጠየቀ ግን ለመልካም አስተዳደር ዜሮ ስጡት። ከዜናዎቹ 10 በመቶውን ሁለት ሰው ለየብቻ ይመድብ። ካልተስማሙ የአመዳደብ መመሪያችሁ ግልጽ አይደለም ማለት ነው፤ አርማችሁ እንደገና ጀምሩ።

ጠያቂ፦ የአድማጭ ስልክ መስመርስ?

መልስ 2፦ የደዋዩ ብዛት ብዙም አይነግራችሁም። ቅሬታው ለሚመለከተው ቢሮ ደርሶ መልሱ በአየር ላይ መሰማቱን ተከታተሉ። ሴት ደዋዮችን ለብቻ ቁጠሩ።