«ድምጿ ነው የበላት» ያልከው ሰውዬ፣ እስቲ ና አስረዳን

የሴንት ፖል ሾፌር፦
ትናንት እዚሁ ስለ ሚኒሶታዋ ዴሞክራት ተመራጭ ሜሊሳ ሆርትማን ስናወራ አንዱ «ድምጿ ነው የበላት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ስድስት ሰው ወደደለት። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ሴትዮዋ ሰኞ ጁን 9፣ 2025፣ በእኛ ሰኔ 2፣ የሚኒሶታ ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ ሰጠች። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ብሩክሊን ፓርክ ቤቷ ውስጥ ከባሏ ጋር ተገደለች። መሀሉ አምስት ቀን ነው። አምስት ቀን ስለተቀራረበ አንዱ የሌላው ምክንያት ሆነ? ና ፊት ለፊት ተናገር።

ጎመን በጤና፦
እኔ ነኝ ያልኩት፣ የት ተደበቅኩ? የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው አዋቂዎች ከሚኒሶታኬር፣ ከስቴቱ የጤና መድን፣ ይውጡ የሚለው ሕግ 68 ለ 65 ነው ያለፈው። እዚያ ምክር ቤት ከዴሞክራቶቹ የደገፈችው እሷ ብቻ ናት። 68 ድምፅ ካልሞላ አያልፍም ነበር። ማን ሞላው? የአጎቴ ልጅ የስኳር መድኃኒቱን ሲያወጣ የኖረው በዚያ ካርድ ነው። ካርዱ እስከ 2025 መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚያ ወጥታ ጋዜጠኞች ፊት አለቀሰች። የአዞ እንባ!

ብርድ አልለምድ አለኝ፦
ቆይ እንጂ። ሰው እንደሚጎዳ አውቃለሁ ብላ ነው ያለቀሰችው። ያልጎዳች መስላ አልተሸፋፈነችም። ምክር ቤቱ 67 ለ 67 እኩል ነበር። ሪፐብሊካኖቹ ይህቺን ካልሰጣችሁን በጀቱ አያልፍም አሉ። በጀቱ ካላለፈ ደግሞ ጁላይ 1 የስቴቱ መሥሪያ ቤት ይዘጋል። እኔ የምሠራው አረጋውያን ቤት ነው፤ መዘጋት ምን እንደሆነ ለእኔ አትንገረኝ። ስምምነቱን የተስማማችው እሷ ናት። ድምፁንም ራሷ ሰጠች። ሌላው ቢሆን አዲስ ተመራጭ ገፍቶ እሱ ዳር ይቆም ነበር።

ጎመን በጤና፦
ዳር ብትቆም ይሻላት ነበር።

ብርድ አልለምድ አለኝ፦
ደግሞ ያንን ሽፋን በ2023 አፈ ጉባኤ ሆና ያሳለፈችው ማን መሰለህ? ወረቀት ለሌለው መንጃ ፈቃድ? ልጆችህ ትምህርት ቤት በነጻ የሚበሉት ምሳ? የሕፃናቱ ሽፋን እኮ አሁንም አልተነካም።

ጎመን በጤና፦
እሱማ ነው የሚብሰው! የሰጠ እጅ መልሶ ሲነጥቅ።

የሴንት ፖል ሾፌር፦
ከጥያቄው አትሽሽ። «በላት» ነው ያልከው። ማን ምኗን በላ?

ጎመን በጤና፦
ፖለቲካዋን ማለቴ ነው። ስሟን።

የሴንት ፖል ሾፌር፦
የተገደለች ሴት ስም ሥር «በላት» ብለህ ጽፈህ አሁን ስሟን ማለቴ ነው? እኔ ካፒቶል፣ የምክር ቤቱ ሕንፃ፣ አስከሬኗን ለመሰናበት ተሰልፌያለሁ። ሳጥናቸው ጎን ለጎን፣ የውሻቸው አመድ ሳይቀር አጠገባቸው። እዚያ ቆመህ በላት በል እስቲ።

የዳላስ ፀሐይ፦
እኔ ከሩቅ ነው የማየው። ግን ከወገኗ ተለይታ ድምፅ ሰጠች፣ በሳምንቱ ሞተች። እዚህ ሰው ሁሉ ራሳቸው ዴሞክራቶቹ ናቸው እያለ ነው። ያለ እሳት ጭስ የለም።

ብርድ አልለምድ አለኝ፦
ጭሱን የምታቦነው አንተ ነህ። በዚያው ሌሊት፣ ከእሷ በፊት፣ ዴሞክራቱ የስቴቱ ሴናተር ጆን ሆፍማን ቻምፕሊን ቤቱ ዘጠኝ ጥይት ተመታ። ሚስቱ ስምንት። ተረፉ፣ ተመስገን። ሆፍማን እኮ ያንን ሕግ የተቃወመ ሰው ነው! የሚበላው ድምፅ ከሆነ እሱን ምን በላው? ተጠርጣሪው ጋር ከ45 በላይ የተመራጮች ስም ተገኘ ብለዋል ዐቃቤ ሕጎቹ። ያ ሁሉ ስም በአምስት ቀን ቁጣ ተጻፈ?

የዳላስ ፀሐይ፦
እኔ ይባላል ነው ያልኩት። መጠየቅ ወንጀል ሆነ?

እትዬ ጀበና፦
ልጆቼ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የፖሊስ ልብስ ለብሶ፣ መኪናው ላይ መብራት አብርቶ ነው በር ያንኳኳው። በቀይ ሽብር ጊዜ ሌሊት በር ሲንኳኳ እናቴ መብራት ታጠፋ ነበር። እዚህ አገር በር ሲንኳኳ እከፍታለሁ ብዬ ነበር ሠላሳ ዓመት። አሁን ልጄን አትክፈች አልኳት። ለነገሩ ሰኔና ሰኞ የገጠመ ዕለት ነው ድምፁ የተሰጠው፤ ሰኔና ሰኞ መቼ ደግ አመጣ።

ቀመር አዋቂ፦
ይቅርታ እትዬ፣ ሰኔና ሰኞ የሚባለው ሰኔ 1 ሰኞ ሲውል ነው። በ2017 ሰኔ 1 እሑድ ነበር። ሰኔ 2 አይቆጠርም።

እትዬ ጀበና፦
ለሞቱት ንገራቸው አይቆጠርም ብለህ።

የዳላስ ፀሐይ፦
ሃሃሃ ቀመር አዋቂ ዛሬም አላረፈም።

የሴንት ፖል ሾፌር፦
ወደ ነገራችን። የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ ስለ ግድያው ማርክሲስቶች የፈለጉት ሳይሆንላቸው ሲቀር እንዲህ ይሆናል ብሎ ሲጽፍ ሁላችንም ጮኽን። እሱ እንኳ በኋላ አጠፋው። ጎመን፣ የአንተ በምን ተለየ?

ጎመን በጤና፦
እኔን ከሊ ጋር? እኔ እኮ ለወገኔ ብዬ ነው የተናደድኩት! አንተ ኢንሹራንስህ ሞልቶልሃል፣ ለዚህ ነው እንባዋ የሚያንሰፈስፍህ። የአጎቴን ልጅ ስልክ ልስጥህና አጽናናው።

ብርድ አልለምድ አለኝ፦
ንዴትህ አይከፋም። ተናደድ፣ ውክልናውን ለያዘ ሰው ደውል፣ በቀጣዩ ምርጫ ቅጣቸው። ሰኔ 15 ባሕር ዳር ባለሥልጣናቱ የተገደሉ ጊዜም «እንዲህ ስላደረጉ ነው» የሚል ሰው አላጣንም። ከሬሳ ላይ ምክንያት መልቀም እዚያም ነበር፣ ይዘነው መጣን።

ጎመን በጤና፦
ባሕር ዳርን ለምን ታስገቢዋለሽ? አሁን ደግሞ ወደዚያ ልንሄድ ነው?

የዳላስ ፀሐይ፦
ጀመራችሁ።

ቀመር አዋቂ፦
ያ ሰኔ 15፣ 2011 ቅዳሜ ነበር።

ጎመን በጤና፦
እሺ፣ ይበቃል። «በላት» የሚለውን አንስቻለሁ። «የአዞ እንባ» ያልኩት ግን እዚያው ይቁም።

የሴንት ፖል ሾፌር፦
አንስቻለሁ አትበል። አሁን ሄጄ አየሁት፣ ቦታው ላይ ነው። ስምንት ሰው ወዶታል።